የእርምጃ ቆጣሪ አጠቃቀም፦ መጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ራስን መለካት

እርምጃ ቆጣሪ እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ቀን ነው። መሣሪያውን እንዳሰረ 10,000 እርምጃ ካልሞላሁ ብሎ ይነሣል፤ ማታ እግሩ ይዝላል፣ በሦስተኛው ቀን ባቱ ይነድዳል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቆጣሪው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ መነሻውን ሳያውቅ መድረሻውን ስለወሰነ ነው። ቆጣሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው፣ ኑሮዎን ምንም ሳይለውጡ አሁን በቀን ስንት እንደሚራመዱ ሊነግርዎ ነው። ግቡም፣ ፍጥነቱም፣ ኪሎ ሜትሩም እዚያ ቁጥር ላይ የሚደመር ነው።

10,000 የሚለው ቁጥር የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከገበያ ነው። ቶኪዮ ኦሎምፒክን ባስተናገደች በዓመቱ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የጃፓን ሰዓት ሠሪ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል ቆጣሪ አወጣና «ማንፖኬይ» አለው፤ የ10,000 እርምጃ መለኪያ እንደ ማለት ነው። ቁጥሩ ለመያዝ ስለማይከብድ ዓለምን ዞረ። መጥፎ ቁጥር አይደለም፤ ግን የ75 ዓመት አዛውንትና የ25 ዓመት ወጣት እኩል የሚታዘዙበት ምክንያት የለም።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ለዘብ ያለ ነገር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት በሆነ ከ16,000 በላይ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ረጋ። በ2022 እ.ኤ.አ. 15 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ደግሞ፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ጥቅሙ የሚረጋው ከ6,000 እስከ 8,000፣ ከ60 በታች ለሆኑት ከ8,000 እስከ 10,000 ባለው መካከል መሆኑን አገኘ። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሰውን እየተከታተሉ የሚቆጥሩ ናቸውና፣ የታመመ ሰው ቀድሞውንም ጥቂት እንደሚራመድ መዘንጋት የለበትም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ትልቁ ትርፍ ያለው ታች ነው፤ ከ3,000 ወደ 5,000 የሚወጣው ሰው ከ10,000 ወደ 12,000 ከሚወጣው የበለጠ ያተርፋል።

ቆጣሪው ምንን ነው የሚቆጥረው?

እርምጃ ቆጣሪ እግርዎን አያይም። የሚያየው መነቅነቅን ነው። ስሕተቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ ውስጡን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል።

የቀድሞው ዓይነት፣ ቀበቶ ላይ የሚሰካው ርካሹ ፔዶሜትር፣ ውስጡ በቀጭን ሞላ የተንጠለጠለች ትንሽ ዘንግ አለችው። በተራመዱ ቁጥር ዳሌዎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓም ወርዳ ከብረት ጋር ትነካካና አንድ ቁጥር ይመዘገባል። ጆሮዎ ጋ አድርገው ቢነቀንቁት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ዘንጓ በትክክል የምትወርደው መሣሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ብቻ ነው። ቦርጭ ቀበቶውን ወደ ፊት ገፍቶ ካጋደለው ዘንጓ ሙሉ በሙሉ ሳትወርድ ትቀራለች፣ ቁጥሩም ይጎድላል። ቦርጭ ያለው ሰው «ይህን ያህል ሄጄ ይህቺን ብቻ?» ካለ፣ ብዙ ጊዜ እውነቱ ከእሱ ጋር ነው። መፍትሔው ከፊት አንሥቶ ወደ ጎን፣ የዳሌ አጥንት ላይ ማዞር፣ ወይም ከጀርባ መሰካት ነው።

አዲሱ ዓይነት፣ በስማርት ስልክ፣ በስማርት ሰዓትና በአዳዲስ የኪስ ቆጣሪዎች ውስጥ ያለው፣ አክስለሮሜትር በሚባል ሴንሰር ይሠራል። ሴንሰሩ እንቅስቃሴን በሦስት አቅጣጫ ስለሚለካ ቢያጋድልም ችግር የለውም። ሶፍትዌሩ ከሚመጣው መነቅነቅ ውስጥ ምት ያለውን፣ እኩል እኩል የሚመላለሰውን ይለይና እርምጃ ብሎ ይመዘግባል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ምቱ ስለሚደበዝዝ ይዘለላል፤ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር በታች ሲኬድ ብዙ ቆጣሪዎች ያጎድላሉ፣ ባለ ሞላዎቹ ደግሞ ይብሳሉ። በምርኩዝ ወይም እግር እየጎተቱ የሚሄዱ ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጥቂት ሴኮንድ ተከታታይ ምት እስኪያዩ ድረስ ቁጥር አይጨምሩም፤ ዝም ብሎ ወንበር ላይ መነቃነቅን እርምጃ እንዳይሉ ነው። ስለዚህ ከምድጃ እስከ ጠረጴዛ የሚኬዱት አራትና አምስት እርምጃዎች ቀኑን ሙሉ ቢደጋገሙም ሊቀሩ ይችላሉ። ስክሪኑን እያዩ ሦስት እርምጃ ሄደው «አይሠራም» ማለት የለብዎትም፤ ሃያ ሠላሳ ይሂዱና ይዩ።

የት ይቀመጥ?

የወገብ ቆጣሪ የሚሰካው ጠበቅ ያለ ቀበቶ ወይም የሱሪ ወገብ ላይ፣ ከጉልበት ሎሚዎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሚወጣው መስመር ነው። የላላ ወገብ ላይ ከተሰካ ራሱ ይወዛወዛል። መያዣ ክር ካለው ከልብስዎ ጋር ይሰሩት፤ እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚጠፉት ወይም የሚበላሹት መጸዳጃ ቤት ሱሪ ሲወርድ ወድቀው ነው። ወገብ የሌለው ቀሚስ የለበሰች ሴት የውስጥ ልብሷ ወገብ ላይ ልትሰካው ትችላለች፤ በሦስት አቅጣጫ የሚለካው ዓይነት ከሆነ ኪስም ይበቃዋል።

ስልክ ከሁሉም የሚቀርበው መሣሪያ ነው፤ የሚጎዳውም ሌላ ነገር ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ መቅረቱ ነው። ቤት ውስጥ ስልኩን አስቀምጦ ሲሠራ የሚውል ሰው የቀኑን እርምጃ ግማሹን እንኳ ላያገኝ ይችላል። የሱሪ የፊት ኪስ ጥሩ ቦታ ነው። የእጅ ቦርሳ ደግሞ አይታመንም፤ ትከሻ ላይ ጠብቆ ከተያዘ ይቆጥራል፣ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ እንደ ቀኑ ነው።

ስማርት ሰዓት በማይሠሩበት እጅ ይታሰር። ቀኝ ከሆኑ ግራ እጅ ላይ፤ ሴቲንጉ ውስጥም «ግራ እጅ» ተብሎ ይመዝገብ። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ሲያንቀሳቅሱት የማይንሸራተት ይሁን። ሰዓት የሚሳሳተው በሁለቱም በኩል ነው። ምግብ ሲያማስሉ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ሲያጨበጭቡ ያልተራመዱትን ይጨምራል። የሕፃን ጋሪ ሲገፉ፣ በሁለት እጅ ሸክም ሲይዙ፣ እጅዎን ኪስ ከተው ሲሄዱ የተራመዱትን ያስቀራል፤ እጅ ካልተወዛወዘ ለእሱ ሰው ቆሟል። ጋሪ እየገፉ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ሰዓቱን አውልቀው ኪስ ውስጥ ይክተቱት ወይም ለዚያ ጊዜ በስልኩ ይቁጠሩ።

የ100 እርምጃ ፈተና

መሣሪያውን ከማመንዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይስጡት። ደልዳላና ቀጥ ያለ መንገድ ይምረጡ፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘወር ዘወር ማለት ውጤቱን ያበላሻል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ። ከዚያ በተለመደው አካሄድዎ እየሄዱ ይቁጠሩ። እስከ 100 መቁጠር ያሳስታልና ቀኝ እግርዎ መሬት በነካ ቁጥር ብቻ ይቁጠሩ፤ 50 ሲሞላ 100 እርምጃ ሆነ ማለት ነው። ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቁና ቁጥሩን ይዩ፤ ስልኮችና ሰዓቶች ስክሪኑን የሚያድሱት ዘግይተው ነው።

በመጀመሪያው ቁጥርና በአሁኑ መካከል ያለው ልዩነት ከ97 እስከ 103 ከሆነ ጥሩ መሣሪያ ይዘዋል፤ የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃም ለእነዚህ መሣሪያዎች የሚፈቅደው ስሕተት ከመቶ ሦስት ነው። እስከ አምስት ቢሳሳትም ለዕለት ተዕለት ሥራ ያገለግላል። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩና ይድገሙ፦ ከግራ ዳሌ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ወደ ጎን፣ ከቦርሳ ወደ ኪስ። ሦስት ጊዜ ሞክረው አንዱ 98፣ አንዱ 81፣ አንዱ 109 ካለ ችግሩ ከቦታው አይደለም፤ ሌላ መሣሪያ ይፈልጉ። ሁልጊዜ 5 የሚያጎድል ቆጣሪ ግን አያሳስብም፤ ዛሬንም ነገንም እኩል ስለሚያጎድል ለማነጻጸር ይሆናል።

ሁለት ተጨማሪ ሙከራ ይጠቅማል። ያንኑ 100 እርምጃ በጣም ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ምን ያህል እንደሚዘልልዎ ያያሉ። ቀጥሎ መኪና ላይ ሲሳፈሩ ቁጥሩን ይያዙና ሲወርዱ ያመሳክሩ። በተበላሸ መንገድ ላይ ባለ ሞላው ቆጣሪ ቁጭ ብለው ሳለ መቶዎች ሊጨምርልዎ ይችላል፤ ለጉዞ ጊዜ ከወገብዎ ነቅለው ያስቀምጡት።

ስልክ ለሚጠቀሙ ብቻ

ቁጥሩ አንድ ቀን ትክክል፣ አንድ ቀን ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ሳይሆን ከሴቲንጉ ነው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አፑ «ፊዚካል አክቲቪቲ» የሚባለውን ፈቃድ ካላገኘ እርምጃ ማንበብ አይችልም። ፈቃዱን ሰጥተውም ከቆመ፣ ባትሪ ቆጣቢው ከጀርባ እየዘጋው ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ አፑን ፈልገው የባትሪ አጠቃቀሙን «ያልተገደበ» ያድርጉ። አይፎን ከ5ኤስ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እርምጃን ራሱ ይመዘግባል፤ በፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ «ሞሽን ኤንድ ፊትነስ» መከፈቱን ብቻ ያረጋግጡ። አንዳንድ ቀላል አፖች ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የቀኑን ቁጥር ይጥላሉ። ሰዓትና ስልክ ወደ አንድ አፕ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ዋናው ምንጭ የትኛው እንደሆነ አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱን ደምሮ ድርብ የሚያወጣ አፕ ያጋጥማል። ድንገት ቁጥርዎ እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የመነሻ ሳምንት

አሁን 7 ቀን ይለኩ። ደንቡ አንድ ነው፤ ምንም አይለውጡ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ያስሩ፣ ሲተኙ ያውልቁ፣ ማታ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቆጣሪ ያሰረ ሰው ሳያስበው ትንሽ ይበረታልና ከተቻለ ቀን ቀን ስክሪኑን አይዩ። የሥራ ቀንም የዕረፍት ቀንም መግባት አለበት፤ ለብዙ ሰው የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ከ10 ሰዓት በታች ያሰሩበት ቀን ካለ ይሰረዝና በሌላ ቀን ይተካ።

ለምሳሌ ሳምንቱ 3,850፣ 4,210፣ 3,100፣ 5,640፣ 4,020፣ 6,310፣ 2,170 ቢሆን፣ ድምሩ 29,300 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4,186። ይህ ሰው መነሻው 4,200 ገደማ ነው። በተመራማሪዎች አከፋፈል ለጤነኛ ጎልማሳ ከ5,000 በታች ብዙ የሚቀመጥ ኑሮ ነው፤ ከ5,000 እስከ 7,499 ዝቅተኛ እንቅስቃሴ፣ ከ7,500 እስከ 9,999 መካከለኛ፣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ንቁ ይባላል። ከአማካዩ ይልቅ ግን ዝርዝሩ የበለጠ ይናገራል። 6,310 በሆነበት ቀን ምን ተሠራ? 2,170 የሆነውስ? ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ጭማሪ የሚገኘው ዝቅተኛዎቹን ሁለት ቀናት ከፍ በማድረግ ነው፤ ጥሩዎቹን ቀናት ከማስጨነቅ ይቀላል።

ጭማሪው

በመነሻው ላይ 500 ይጨምሩ፤ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ሌላ 500 ይጨምሩ። 500 እርምጃ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚህ በታች ቢወርድ ጭማሪ አይባልም፣ ከዚህ በላይ ቢጣደፍ ደግሞ ጅማትና አጥንት አይከተሉም። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳሉ፤ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሰው «ትንፋሼ አልተቆረጠም» ብሎ ሲጨምር ቅልጥሙና ተረከዙ የሚታመሙት ለዚህ ነው።

የላይኛው ምሳሌ እንዲህ ይሄዳል። ሳምንት 1 እና 2፦ 4,700። ሳምንት 3 እና 4፦ 5,200። ሳምንት 5 እና 6፦ 5,700። ሳምንት 7 እና 8፦ 6,200። በሁለት ወር ውስጥ በቀን 2,000 ጨመረ ማለት ነው። ይህ ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የ26 ጥናቶችን ውጤት ያጠናቀረ ሥራ እርምጃ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን በ27 በመቶ ገደማ እንደጨመሩ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸውም በአማካይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደወረደ አሳይቷል። ለውጡ የመጣው ደግሞ ቁርጥ ያለ የእርምጃ ግብ ለያዙት ነው፤ ያለ ግብ ቆጣሪውን ያሰሩት ይህን ያህል አልተለወጡም።

ግቡ መሞላቱ የሚታየው በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ነው። ከ7 ቀን 5ቱን ከሞሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ካልሞሉ እዚያው ሁለት ሳምንት ይድገሙ። አፖች «ተከታታይ ቀናት» እያሉ የሚያሳዩት ሰንሰለት ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው 60 እርምጃ ጎደለኝ ብሎ አልጋ መዞር ለማሽኑ እንጂ ለጤና አይደለም፤ ያመመው ሰው ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ብሎ ሲወጣ ደግሞ ጉዳት ነው። ማስታወቂያውን ያጥፉት።

500ዎቹ ከየት ይመጣሉ? በአንድ ጊዜ መሆን የለባቸውም። ከምግብ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ ወደ 1,000 እርምጃ ነው፤ በተጨማሪም ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚወጣውን ስኳር ይገታል፤ ስለዚህ ከሌላው ሰዓት ይልቅ የሚመረጥ ነው። ረጅም ስልክ የሚያወሩ ሰው ቆመው እየተራመዱ ያውሩ። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚውሉ በየሰዓቱ ተነሥተው 250 እርምጃ ቢሄዱ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 2,000 ይሆናል፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል በሰዓት ማንም አያጣም።

ፍጥነት፦ ቆጣሪው የማይነግርዎ

8,000 እርምጃ እየተንሸራሸሩ የሄዱና 8,000 ፈጠን ብለው የሄዱ ሰዎች ስክሪን ላይ እኩል ናቸው፤ ልባቸው ግን እኩል አልሠራም። ሽቅብ የሄደውንም ቁልቁል የወረደውንም ተራ ቆጣሪ አይለያቸውም። ስለዚህ ድምሩ ከተደላደለ በኋላ፣ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በደቂቃ የሚሄዱትን እርምጃ ይለኩ።

ለአብዛኛው ጎልማሳ በደቂቃ 100 እርምጃ የመካከለኛ እንቅስቃሴ መነሻ ነው፤ 130 ሲደርስ ከባድ ከሚባለው ይገባል። መለኪያው ቀላል ነው። ሰዓት እያዩ ለ15 ሴኮንድ እርምጃዎን ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። 25 ከሆነ 100 ነው። 21 ከሆነ 84 ነው፣ ትንሽ ይፍጠኑ። ረጅም ሰው ከ100 ትንሽ ዝቅ ብሎም ሊደርስበት ይችላል፤ አጭር ሰው ትንሽ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ትንፋሽ ያመሳክርልዎታል፤ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ግን መዝፈን ካልቻሉ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎ ዝቅ ያድርጉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ወደ እርምጃ ሲመነዘር፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ በደቂቃ 100፣ ማለትም በቀን 3,000 ፈጣን እርምጃ ነው። ሦስት ጊዜ እየከፈሉ 10፣ 10 ደቂቃ ቢያደርጉትም ይቆጠራል። 3,000ው ከቀኑ ድምር ውስጥ እንጂ በላዩ ላይ አይደለም። ድርጅቱ ከዚህ ጋር በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይመክራል፤ ያንን ቆጣሪ አይተካውም።

ሲፈጥኑ እርምጃዎን አያስረዝሙ፤ ያሳጥሩና ያብዙት። እግርን ወደ ፊት አርቆ መወርወር ተረከዝን መሬት ላይ ያፈርጣል፣ ጉልበትና ቅልጥምን ይመታል፤ ቁጥሩንም አይጨምርም። ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈው እጅዎን ቶሎ ቶሎ ሲያመላልሱ እግር ይከተላል፤ ዓይንም አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ወደ ፊት ይይ።

ኪሎ ሜትርና ካሎሪ

ኪሎ ሜትር ማወቅ ከፈለጉ የእርምጃዎን ርዝመት ራስዎ ይለኩ። በሜትር 20 ሜትር ምልክት ያድርጉ፤ ከምልክቱ ጥቂት እርምጃ ቀድመው ተነሥተው በተለመደው ፍጥነት ይለፉትና ይቁጠሩ። 29 ከወጣ 20ን ለ29 ያካፍሉ፤ 0.69 ሜትር ነው፤ 1,000 እርምጃ 690 ሜትር ይሆናል። ይህን ቁጥር አፑ ወይም ቆጣሪው ውስጥ ያስገቡ። ካላስገቡት መሣሪያው ከቁመትዎ ይገምታል፤ ግምቱ በ5 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት በ8,000 እርምጃ ላይ 400 ሜትር ያዛባል።

ካሎሪውን ግን ይተውት። ክብደት፣ ፍጥነት፣ ዳገት፣ የሰውነት ሁኔታ የሚገባበት ስሌት ነው፤ መሣሪያው ከእነዚህ አብዛኛውን አያውቅም። «400 ካሎሪ አቃጠልኩ» ብሎ ማታ ያንኑ ያህል ጨምሮ የሚበላ ሰው ክብደቱ አልቀነሰም ብሎ ሲገረም ይታያል። ብስክሌትና ዋናም በእርምጃ አይገቡም፤ ደቂቃቸውን ለብቻ ይጻፉ።

ሰውነት ሲናገር

ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ተረከዙ ላይ አይንሸራተት። ውኃ የሚቋጥር ቁስል የሚመጣው ከእርጥበትና ከመፋተግ ነውና እርጥብ ካልሲ ይቀይሩ። ቅልጥም ፊቱን ከታመመ ለሳምንት ያህል ወደ ቀድሞው ግብ ይመለሱ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ሲጫኑት የሚወጋ ሕመም ካለና ዕረፍት ካልሻረው ሐኪም ይየው።

እየሄዱ ደረት ላይ ጫና ወይም ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማዞር፣ ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ይቁሙ፣ የሕክምና እርዳታ ይፈልጉ። የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም እርግዝናዋ የሕክምና ክትትል የጠየቀ ሰው ግቡን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ስኳር ያለበትና ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው መራመዱ ስኳሩን ሊያወርድበት ስለሚችል ቶሎ የሚሠራ ጣፋጭ ይያዝ። ሲመለስ ካልሲውን አውልቆ የእግሩን መዳፍና የጣቶቹን መካከል ይይ፤ ስሜት የቀነሰ እግር ቁስሉን አይናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ቆጣሪው ከማንም በተሻለ ይይዛል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ርቀት፣ ለምሳሌ 600 እርምጃ ላይ፣ ባትዎ ጨምድዶ የሚይዝዎና ጥቂት ሲቆሙ የሚለቅዎ ከሆነ፣ የእግር ደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ የጀመረበትን የእርምጃ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ጽፈው ለሐኪም ይውሰዱ። «ትንሽ ስሄድ ያመኛል» ከማለት 580፣ 610፣ 595 የሚል ወረቀት ብዙ ይናገራል፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ያ ቁጥር እየራቀ መሄዱን ያዩበታል።

ካቋረጡ በኋላ፣ ባትሪ ከቀየሩ በኋላ

ታመው ሁለት ሳምንት ከተኙ ወደ ቀድሞው ግብ በአንድ ጊዜ አይመለሱ። ሦስት ቀን እንደ ልብዎ ሆነው ይለኩና አማካዩን አዲስ መነሻ ያድርጉት። መመለስ ከመጀመሪያው ፈጠን ስለሚል በየሳምንቱ 500 ቢጨምሩ ይቻላል።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ የወገብ ቆጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት እንደ ሲአር 2032 ያለ ክብ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲዳከም መጀመሪያ የሚታየው የስክሪኑ ጽሑፍ መደብዘዝ ነው፤ አንዳንዱ ባትሪ ሲወጣ የእርምጃ ርዝመቱንና ሰዓቱን ስለሚረሳ ቁጥሩን ከመክፈትዎ በፊት ይጻፉ። ሰዓቱ ከተዛባ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ መዞሩ ቀርቶ እኩለ ቀን ላይ ይዞርና የአንድ ቀን እርምጃ ለሁለት ቀን ይከፈላል። ሱሪ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከመግባቱ በፊት ወገቡን ይዳብሱ። ባትሪ ከቀየሩ፣ መሣሪያው ከወደቀ ወይም ስልኩን ከለወጡ፣ ቀኝ እግርዎን 50 ጊዜ ቆጥረው ቁጥሩን እንደገና ያመሳክሩ።